የፍራንስ ሬምፔል የክትባት ካርድ

ካርዱን ለዶክተሯ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የተጻፈውን ነው ያነበብኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። እንዲያም ሆኖ ፍራንስ ሬምፔልን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ያ ጠርዙ የተበላ ካርድ ነው።

በሰሜን ሜክሲኮ፣ ከኩዋውቴሞክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ክሊኒካችን በአስተርጓሚነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ ጀርመንኛ ይዘው ከውጭ የመጡ የሜኖናይት ክርስቲያኖች ልጆች ነን፤ ሴቶቻችን ስፓኒሽ ብዙም አይቀናቸውም፤ ሐኪሞቹ ደግሞ የቤታችንን ጀርመንኛ አይሰሙም። መሀል ላይ እኔ ግሬታ አለሁ። ማን እንዳረገዘች ከባሏ ቀድሜ አውቃለሁ፤ ኪንታሮት የያዘውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቀማመጡን አይቼ እለያለሁ። አፌን ስለምጠብቅ ይወዱኛል። ይህን የምናገረው ፍራንስ ራሱ «ተናገሪው» ስላለኝ ነው።

ፍራንስ የጉድጓድ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። እኛ አገር ውሃው በየዓመቱ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሁለት መቶ ሜትር ቱቦ ከመሬት ሆድ እየመዘዘ፣ እየጠገነ፣ መልሶ እየሰደደ ነው የኖረው። ካታሪኖ የሚባል ከተራራው የወረደ የራራሙሪ ነገድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሠርቷል። ሲሠሩ በተሰባበረ ስፓኒሽ አፋቸው አያርፍም ነበር። ፍራንስ፣ «ዛሬም በእግርህ ነው የመጣኸው?» ይለዋል። ካታሪኖም፣ «አንተ መኪናህን አስነስተህ እስክትደርስ እኔ ምሳዬን በልቼ እጠብቅሃለሁ፣ ቀይ አንገት» ይላል።

ፍራንስን ግን ሁሉም የሚያውቀው በእሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የለም፤ ፊት የሚቀመጡ ጥቂት ወንዶች ዜማውን ያወጣሉ፣ ሕዝቡ ይከተላል። ዜማው ረጅም ነው። ከእነሱ አንዱ ፍራንስ ነው፤ አንዱን ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ አጠገቡ ያሉት ሁለት ጊዜ ይተነፍሱ ነበር። ባለቤቱ ዩስቲና፣ «ቤት ውስጥ ሲያኮርፍም እንደዚሁ አያልቅለትም» ብላ ትስቅበታለች።

ካርዱን ባነበብኩበት ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ኩፍኝ ገባብን። ለዘመድ ጥየቃ ሰሜን ሄዶ የመጣ ቤተሰብ ይዞት መጣ ተባለ። መንደሮቻችን ውስጥ ብዙ ቤት ክትባት አልገባም። ሽማግሌዎቹ «ተከተቡ» አላሉም፣ «አትከተቡ»ም አላሉም፤ ለየቤቱ ተዉት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የክሊኒኩ በረንዳ ሞላ። ዶክተር ባራሳ፣ ገና ወጣት ናት፣ በሽተኛ የሚያመላልስ ባለ መኪና ፈለገች። ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ነበር፦ የተከተበ ሰው ይሁን።

ፍራንስ እጁን አወጣ። እናቱ አጋኔታ ከልጅነቱ ጀምራ፣ «አንተ ተወግተሃል፣ ካርድህም አለ» ትለው ነበር። ቤቷ ሄዶ ጠየቃት። ካርዱን ከጥምቀት ወረቀቶቹ ሣጥን አውጥታ ሰጠችው። ታላቅ ወንድሙ ኮርኔሊየስ እዚያው የበሩን ማጠፊያ ይጠግን ነበር። እናቱ «እግዚአብሔር ይከተልህ» አለችው። ኮርኔሊየስ መዶሻውን ማንኳኳቱን ቀጠለ። ይህን በኋላ ፍራንስ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ መዶሻው እንዳላቆመ።

ሥራውን ሊጀምር ሲል ዶክተሯ አስቀምጣ አስተማረችው፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«ልጅ ሲታመም ያለቅሳል» አለች። «አዋቂ ግን ደህና ነኝ ይላል። አዋቂን ደግሞ ኩፍኝ ሳንባው ላይ ሲወርድበት ክፉ ነው። ስለዚህ አፉን አትስማ፣ ደረቱን ቁጠር። ሰዓት ይዘህ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ያረፈ ጤነኛ ሰው ቢበዛ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል። ሠላሳ ከደረሰ ‹ነገ እናያለን› የሚባል ነገር የለም፤ ጫነውና ና።»

«ሽፍታው እየጠፋ ከሆነስ?» አላት ፍራንስ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽፍታው ሲጠወልግ ትኩሳቱም አብሮ መውረድ አለበት። ሽፍታው እየሄደ ትኩሳቱ እንቢ ካለ፣ ወይ ወርዶ ተመልሶ ከመጣ፣ ያኔ ሳንባውን ጠርጥር። ደረቱን ሲወጋው፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲያርፍ፣ ከንፈሩ አመድ ሲመስል ካየህ ቁጥሩንም አትጠብቅ።»

ፍራንስ ይህን እንደ መዝሙር ያዘው። ቤቱ ሄዶ ለዩስቲና አስተማራት፤ እሱ በሌለበት ጎረቤት ቢጠራት እንድትቆጥር። በአምስት ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው አመላለሰ። የሚያስሉ ሕፃናትን እቅፉ ውስጥ አድርጎ ከመኪና ያወርድ ነበር። ጭንብል አድርግ ስንለው፣ «እኔ እኮ ካርድ አለኝ» ይላል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ሰኞ ትኩሳት ያዘው። ሥራ አልቀረም፤ እስከ ረቡዕ ከካታሪኖ ጋር አንድ ጉድጓድ ላይ ዋለ። እያሳለ ነበር፣ ዓይኑም ቀልቷል። ሐሙስ ወደ ክሊኒኩ መጣ። ዶክተሯ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውን አየች፣ አሞክሳሲሊን ሰጠችው። ቅዳሜ ተመልሶ ሲመጣ ፊቱና አንገቱ በሽፍታ ተሸፍኗል።

«ካርዱን አንብቢልኝ» አለችኝ፣ በጓንት ሽፍታውን እየዳሰሰች። ካርዱ ላይ «ፍራንስ ሬምፔል፣ ኩፍኝ፣ ተሰጥቷል» ይላል፤ ቀኑም የነርሷም ፊርማ አለ። አነበብኩላት።

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው መድኃኒቱ ነው ያልተስማማህ። አለርጂ ነው። አሞክሳሲሊኑን አቁም» አለችና ሌላ ኪኒን ቀየረችለት። በረንዳው ላይ አርባ ሰው ይጠብቃት ነበር። አልፈርድባትም፤ እኔም ያንኑ ካርድ አይቼ አምኛለሁ።

ረቡዕ ዕለት ሽፍታው ቡናማ ሆኖ መርገፍ ጀምሮ ነበር። ዩስቲና እንደነገረችኝ፣ ማክሰኞ ትኩሳቱ በርዶለት ሾርባ ጠጥቷል። ረቡዕ ጠዋት ግን ትኩሳቱ ተመለሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት ደገፍ ብሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ አገኘችው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ላሚቱ ታልባለች ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም።»

«ታልባለች... ወይ?» አላት፣ መሀሉ ላይ አርፎ።

የግድግዳውን ሰዓት እያየች ደረቱን ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት። የተሳሳተች መስሏት ደግማ ቆጠረች፤ አርባ። «ፍራንስ፣ ተነስ፣ እንሄዳለን» አለችው። «አለርጂ ነው ብለዋል እኮ» አላት። «አንተ አይደለህ አፉን አትስሚ ያልከኝ?» ብላ ጫማውን ራሷ አጠለቀችለት።

አማቷን ለልጆቹ ጥበቃ ስትጠራ አጋኔታ፣ «እኔም እመጣለሁ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ልጆቹ ለጎረቤት ተተዉ። መኪናውን የነዳው ኮርኔሊየስ ነው።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ሰማንያ አንድ አነበበ፤ የጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት በላይ ነው። ዶክተር ባራሳ ኦክስጅን ካደረገችለት በኋላ ጀርባውን አዳመጠች። ስታዳምጥ ፊቷ ተለወጠ። በሁለቱም በኩል ታች ድረስ እንደሚንተከተክ ድስት ነው አለችኝ። ጉንጩን ከፍታ በባትሪ አየች፣ የሚረግፈውን ቆዳ አየች፣ ካርዱን ራሷ አንስታ አየች።

«ካርዱ ባይኖር ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ኩፍኝ ነው እል ነበር» አለች። «ግሬታ፣ ጠይቂልኝ። ይህ ካርድ በእርግጥ የእሱ ነው? የተከተበ ሰው እንዲህ መሆኑ እጅግ ብርቅ ነው። የማስተላልፈው ወደ ከተማ ነው፤ እዚያ ምን እንደምላቸው ማወቅ አለብኝ።»

ወደ አጋኔታ ዞሬ ጠየቅኳት። እጇ የቀሚሷን ኪስ ያዘ። ወለሉን አየች። ጥያቄውን ያልሰማችው መሰለኝና ደገምኩላት።

«መርፌውን የተወጋሁት እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ኮርኔሊየስ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምን?» አልኩት።

«በዚያን ጊዜ ነርሷ ቤት ለቤት ስትዞር የእኔን ወጋች። ወደ ቀጣዩ ቤት ስትሄድ እማ ሌላ ሸሚዝ አልብሳኝ በጓሮ አዞረችኝ። ጎረቤት ቤት ‹ይህ ፍራንስ ነው› አለች። ሁለተኛ ተወጋሁ፤ ነርሷ ልጆቻችንን አትለይም፣ ዕድሜም አልጠየቀች። ስምንት ዓመቴ ነበር።»

ፍራንስ የኦክስጅኑን ጭንብል አድርጎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ሰማ። ከወንድሙ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ ወንድሙ አየ። ጭንብሉን ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ «ሕፃናቱን... ስጭን... አይተኸኝ ነበር» አለው ለኮርኔሊየስ። ዩስቲና ጭንብሉን መለሰችለት። ለዶክተሯ ማስተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። ብቻ «አልተከተበም» የምትለዋ ቃል በስፓኒሽ ጠፋችብኝ።

ቫይታሚን ኤ ወዲያው ሰጡት፣ ብቻውን ለይተው በአምቡላንስ ወደ ከተማ ወሰዱት።

አጋኔታ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ሳልጠይቃት ተናገረች። ከፍራንስ በፊት ሌና የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻት። ሌና በተከተበች በስምንተኛው ቀን ሞተች። በዚያው ሳምንት ሌናን ጨምሮ ከአንድ ጉድጓድ የጠጡ አራት ሕፃናት በተቅማጥ ሞተዋል፤ ሦስቱ መርፌ አላዩም። ይህን አጋኔታም ታውቃለች።

«ጉድጓዱ ነው አሉኝ» አለች። «ማታ ማታ ግን ጉድጓዱ አልነበረም የሚታየኝ፣ መርፌው ነው። ኮርኔሊየስ ጠንካራ ነበር። ፍራንስ ገና በሁለት ዓመቱ እንደ ዶሮ ጫጩት ነበር። ባሌ ደግሞ ሁለቱም ይወጉ ብሎ አዞኝ ወጥቷል።»

«እሺ ያኔስ ይሁን» አልኳት። «ካርዱን ስትሰጪውስ?»

እንደገና የቀሚሷን ኪስ ጨበጠች።

ፍራንስ ሆስፒታል አሥራ ሰባት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ትንሽ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለው፣ «ካታሪኖስ?» ነው። ያኔ ካታሪኖ ከነቤተሰቡ በቆሎ ለመዝራት ወደ ተራራው ወጥቷል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ፍራንስ ኮርኔሊየስን አስጠርቶ በመስኮቱ በኩል ነገረው። መኪናውን ይዞ ይውጣ፣ ለካታሪኖና ለባለቤቱ ለሬፉሂያ ኩፍኝ ሊይዛቸው እንደሚችል ይንገር፣ አቆጣጠሩን ያሳያቸው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ኮርኔሊየስ ተመልሶ መጣና፣ «ነግሬያቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው» አለው።

ፍራንስ ከሆስፒታል ሲወጣ ካታሪኖ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር።

መንዳት ስለማይችል፣ ዩስቲናም ልጆቹን መተው ስላልቻለች፣ እኔ ይዤው ወጣሁ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አቆምኩለት፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ይደክመው ነበር። ሬፉሂያ በር ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። ሁለት ሴት ልጆቿ አጠገቧ ናቸው። አየችው፣ አልተነሳችም። ትንሿን ልጅ ልካ የተቆላ በቆሎ ዱቄት በውሃ በጥብጣ አመጣችልን።

«ወንድሜ መጥቶ ነበር?» አላት ፍራንስ።

«ማንም አልመጣም።»

«ነግሬያቸዋለሁ ብሎኛል።»

«ቢመጣ ይኸኛው ይነግረኝ ነበር» አለች፣ እግሯ ሥር የሚያጉረመርመውን ውሻ እያሳየች።

ፍራንስ ጽዋውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሬፉሂያ በቆሎዋን እየፈለፈለች ተረከችልን። ካታሪኖ ላይ ሽፍታው ሲወጣ ኩፍኝ መሆኑን አወቀች፤ ልጆች ላይ አይታዋለች፤ ያልፋል አለች። በአራተኛው ቀን ሽፍታው ጠቆረ፣ ትኩሳቱ ቀለል አለው፣ ዳነ ብላ ደስ አላት። በማግስቱ ግን ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፣ ጎኔን ይወጋኛል አለ፣ መተኛት እምቢ አለው። ሲናገር ቃላቱ ያጥሩበት ነበር፤ ቀልድ ሲያወራ እንኳ መጨረሻውን ይተወዋል። ደህና ነኝ ይላታል። ሲመሽ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆነ። ጎህ ሲቀድ እንጨት የሚጭን መኪና ላይ አሳፈሩት። የእንጨት መሰንጠቂያው ጋ ሳይደርሱ ሞተ።

«አንተ ስታስል አይቼሃለሁ» አለችው ከዚያ። «ጉድጓዱ ጋ ምሳ ላመጣላችሁ የመጣሁ ቀን። ‹አቧራ ነው› አልከኝ።»

«አቧራ መስሎኝ ነው። ተከትበሃል ተብዬ ነው ያደግኩት። እናቴ ዋሽታኝ ነው።»

«አንተን እናትህ ዋሸችህ» አለች። «እኔ አንተን አምኜ ነው። ካታሪኖ ደግሞ ከእኔ በላይ ያምንህ ነበር።»

ፍራንስ ይቅርታ ሊላት አፉን ከፍቶ ትንፋሽ አጠረው፤ አሳለ። እስኪያባራ ጠበቀችው። ውሃ አልጨመረችለትም፣ ፊቷንም አላዞረችም። ከዚያ፣ «ምኑን ማየት ነበረብን?» አለችው።

«ምኑን?»

«ምን ባይ ነበር የማውቀው? እነዚህ ልጆች አሉኝ። አሳየኝ።»

አሳያት። የእኔን የእጅ ሰዓት ወስዶ፣ ትንሿን ልጅ ፊቱ አስቁሞ፣ ደረቷ ሲነሳ አንድ፣ ሲነሳ ሁለት እያለ። የልጆች ቁጥር ከአዋቂ እንደሚለይ ነገራት፤ ሌሎቹንም ምልክቶች አንድ በአንድ ነገራት፤ ሽፍታው ሲሄድ የማይሄደውን ትኩሳት፣ ተደግፎ መቀመጡን፣ ያልተጨረሰውን ንግግር። እሷ ያየችውን ነበር መልሶ የሚነግራት። ሬፉሂያ ሰዓቱን ተቀብላ ልጆቿን ቆጠረች። ከዚያ እሱን ቆጠረች።

«ሃያ ስድስት» አለች።

«ሳንባዬ ጠባሳ ይዟል። እንዲህ ሆኖ ይቀራል ይላሉ።»

«እንግዲህ ሄዳችሁ በጊዜ ግቡ» አለችን፣ ወደ በቆሎዋ ተመልሳ። ሰዓቱን ለእሷ ተውኩላት።

ስንመለስ ፍራንስ ወደ ኮርኔሊየስ ቤት አስነዳኝ። ኮርኔሊየስ ጓሮ ውስጥ ነበር።

«አልሄድክም» አለው።

ኮርኔሊየስ አልካደም። «ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር። ሴትየዋ እንዴት ታመመ ብትለኝ ምን እላለሁ? ከዚያ ወሬው ይወርዳል። የእማ ስም ይጠፋል።»

«ካታሪኖ ሞተ።»

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ ሰማህ?»

ኮርኔሊየስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«በመስኮቱ ጥርስህን እያሳየህ ደህና ናቸው ስትለኝ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አለው ፍራንስ። «መጀመሪያ ጊዜ የተኛሁት ያን ቀን ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከወንድሙ ጋር አልተነጋገረም። የፓምፕ ሥራውን ሸጠው፤ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ይጠቀልላል። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ የፊቱን ረድፍ ግን ትቶ ከኋላ ይቀመጣል።

እናቱ ጋ የሄደው በሰኔ ነው፤ ከደጅ ቆሞ። እኔ እንቁላል ልገዛ ሄጄ በረንዳው ላይ ነበርኩ። አጋኔታ ልትስመው ስትመጣ እጁን ዘርግቶ አቆማት።

«እማ፣ ስለ እኔ አልመጣሁም። ያን ዓመት አንቺ ብቻ ነሽ እንዲህ ያደረግሽው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልጅ አቀያይረሽ ያስወጋሽው አንቺ ብቻ ነሽ ወይ? ተነጋግራችሁ ይሆናል። ካርድ ይዞ የሚኩራራ ሌላም ሰው አለ ወይ?»

አጋኔታ ተቀመጠች። «ላንናገር ምለናል» አለች። «እኛ በእምነታችን አንምልም፣ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ግን ምለናል።»

«ስማቸውን ለግሬታ ንገሪያት» ብሎ ሄደ።

አራት ስም ነገረችኝ። አራቱም ዛሬ ልጆች ያሏቸው ጎልማሶች ናቸው። ሁለቱ ካርዳቸውን ለዶክተር ባራሳ ሰጥተው እንደ አዲስ ተከተቡ። አንዷ እናቷን ጠይቃ፣ እናቷ ስላለቀሰች፣ በዚያው ገባት፤ መጣች። አራተኛው አጋኔታን ውሸታም ብሎ ካርዱን ኪሱ መለሰ፤ እስካሁን አልመጣም። የእነዚያ ሰዎች እናቶች፣ በሕይወት ያሉት፣ አጋኔታን አያናግሯትም። ገበያ ላይ ስታልፍ ጀርባ ይሰጧታል። አርባ ዓመት አብረዋት ጎመን የሸነሸኑ ሴቶች ናቸው።

አጋኔታ ቅዳሜ ቅዳሜ በልጅ ልጆቿ እጅ ለፍራንስ ዳቦ ትልካለች። ይበላል፤ ዩስቲና ነግራኛለች። ባለፈው ሳምንት አጋኔታ ክሊኒኩ መጥታ የደም ግፊቷን ካስለካች በኋላ፣ እንደመውጣት ብላ ተመለሰችና፣ «ስለ እኔ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምንም አይልም» አልኳት።

«ምንም?»

«ስላንቺ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል።»

ራሷን ነቀነቀች፣ መሐረቧን አስተካከለች፣ ክኒኖቿን ይዛ ወጣች።